ኒውራል ኔትወርክ ይገባዋል ወይስ ይሸመድዳል? በቅኝት ጉዳይ ተጨቃጭቀናል

ጦሳ_ሥር

ሰላም ጀማው፣ ደሴ ነኝ። አንድ ክርክር ይዘናል ግን ከመሀከላችን የሚያውቅ የለም ሁሉም ሚጮህ ነው። የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው፣ ለመመረቂያው ዘፈን ስታሰማው ቅኝቱን የሚነግርህ ኒውራል ኔትወርክ ሰርቷል። አራቱን ነው ሚለየው፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። በሞባይል ቀድተህ ትሰጠዋለህ እሱ ደግሞ "አምባሰል፣ 98 ፐርሰንት" ብሎ ይመልስልሃል። ቴስት ሲያደርገው ከዘጠና በላይ ያመጣል፣ ልጁ ደስ ብሎታል እኛም ደስ ብሎናል፣ የወሎ ልጅ ሆኖ ባቲና አምባሰልን ለማሽን ማስተማር ቀላል ነገር መሰላችሁ።

ጭቅጭቁ የመጣው ከዛ በኋላ ነው። አንዱ ጓደኛችን "ይሄ ነገር ቅኝት ገብቶታል" አለ፣ ሌላው "ምኑ ይገባዋል ማባዛትና መደመር ነው፣ ካልኩሌተር በሉት" አለ፣ ሶስተኛው ደግሞ የተሰራው እንደ ሰው አንጎል ስለሆነ ቀስ እያለ ሰው ይሆናል ምናምን እያለ ማስፈራራት ጀመረ። ቡናው በረካ ደርሶ እነሱ ገና አቦል ላይ ናቸው።

እና እኔ ማወቅ የፈለግኩት ውስጡ ምንድነው በትክክል? ደግሞስ በተፈጥሮው የማይችለው ነገር አለ ወይስ ዳታና ኮምፒውተር ከጨመርንለት ሁሉንም ይችላል? ዩቲዩብ ላይ የማየው ግማሹ ነቢይ ነው ግማሹ ተሳዳቢ፣ ሰከን ያለ ሰው ካለ ይንገረኝ። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም ግን ሂሳብ አልፈራም።

የቦርከና_ልጅ

ሸጋ ጥያቄ ነው ወንድሜ፣ ሶስቱም ጓደኞችህ ትንሽ ትንሽ እውነት ይዘዋል ግን ሶስቱም ቸኩለዋል።

ውስጡን ልንገርህ። አንድ ኒውሮን የሚሉት ነገር ቁጥሮች ይቀበላል፣ እያንዳንዱን በራሱ ዌይት (የክብደት ቁጥር በለው) ያባዛል፣ ይደምራል፣ ድምሩ ከዜሮ በታች ከሆነ ዜሮ ብሎ ያስተላልፋል ከዜሮ በላይ ከሆነ እንዳለ ያሳልፈዋል። በቃ። ሌላ አይነትም አለ ግን በብዛት የሚሰራበት እንዲህ ነው። "ከታች ከሆነ ዜሮ" የምትለዋ ነገር ተራ ትመስላለች፣ እሷን ካወጣሃት ግን መቶ ሌየር (የኒውሮን ረድፍ) ብትደራርብ ተጨማምቆ አንድ ሌየር ነው ሚሆነው፣ ማባዛትና መደመርን በማባዛትና መደመር ላይ ብትቆልለው ያው ማባዛትና መደመር ነዋ። ትምህርት የሚሉት ደግሞ ዌይቶቹን ማስተካከል ነው፤ መጀመሪያ በዘፈቀደ ይሞላሉ፣ ዘፈን ይሰጠዋል፣ ይስታል፣ ከዛ ስህተቱ ከመጨረሻው ሌየር ወደኋላ እየተሰላ እያንዳንዱ ዌይት ወደየት ቢነካ ስህተቱ እንደሚቀንስ ይታወቃል፣ በጥቂቱ ይነካል፣ ደግሞ ሌላ ዘፈን፣ ደግሞ ሌላ። "አምባሰል ማለት እንዲህ ነው" ብሎ ማንም የጻፈለት መስመር የለም።

የአንጎሉ ወሬ መነሻው እውነት ነው። በ1943 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው ምጠራው) ማካሎክና ፒትስ የነርቭ ሴልን አዎ ወይ አይ እንደሚል ሎጂክ አድርገው ጻፉት። በ1958 ፍራንክ ሮዘንብላት ፐርሰፕትሮን የሚባል ኔትወርክ ይዞ መጣ፣ ማርክ 1 የተባለው ማሽኑ 20 በ20 የተደረደሩ 400 የብርሃን ሴሎች ነበሩት፣ ማለትም ዓለምን የሚያየው በ400 ነጥብ ነው። ብሩን የሚሰጠው የአሜሪካ ባህር ሃይል ነበር፣ እና የዛን ጊዜ ኒውዮርክ ታይምስ ይሄ ነገር ወደፊት ይራመዳል ያወራል ይጽፋል ራሱን ያባዛል መኖሩንም ያውቃል ተብሎ ይጠበቃል ብሎ አወጣ። በ400 ነጥብ! የዩቲዩብ ነቢያት አዲስ አይደሉም ለማለት ነው።

ከዛ በ1969 ሚንስኪና ፔፐርት የሚባሉ ተመራማሪዎች ውሃ ቸለሱበት። ባለ ፎቅ ቤት ደረጃ ላይ ያለውን መብራት አስበው፣ ታችም ማብሪያ አለው ላይም አለው። ሁለቱም ካልተነሱ ጠፍቷል፣ አንዱን ብቻ ካነሳህ ይበራል፣ ሁለቱንም ካነሳህ ይጠፋል። ይሄን ቀላል ነገር አንድ ሌየር ብቻ ያለው ፐርሰፕትሮን በምንም ዌይት አይሰራውም። ካላመንከኝ አራቱን ነጥብ ወረቀት ላይ ሳልና የሚበራውን ከሚጠፋው በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ለመለየት ሞክር፣ እምቢ ይልሃል። መሀል ላይ ግን ሁለት ኒውሮን ጨምርለት፣ አንዷ "ቢያንስ አንዱ ተነስቷል?" ሌላዋ "ሁለቱም ተነስተዋል?" ብላ ትጠይቅ፣ መጨረሻ ላይ ከመጀመሪያዋ ሁለተኛዋን ቀንስ፣ አለቀ። እነሱም ይሄን አያጡትም፣ የቸገረው መሀል ያሉትን እንዴት ታስተምራቸዋለህ የሚለው ነበር። እሱ በሰፊው የታወቀው በ1986 ነው፣ ራምልሃርት ሂንተንና ዊሊያምስ ኔቸር የሚባል የሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት፣ ያ ወደኋላ እየሰሉ መማር ያልኩህ ማለት ነው፣ ሀሳቡ ከነሱ በፊትም ነበር ያዳረሱት ግን እነሱ ናቸው። ሂንተን በ2024 ከሆፕፊልድ ጋር የፊዚክስ ኖቤል ወስዷል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። በ1989 ሳይቤንኮ የሚባል የሂሳብ ሰው መሀል ላይ አንድ ሌየር ያለው ኔትወርክ በቂ ኒውሮን ከተሰጠው ማንኛውንም ያልተቆራረጠ ፈንክሽን የፈለግከውን ያህል ተጠግቶ መምሰል እንደሚችል አረጋገጠ። ሰው ይሄን ይሰማና "በቃ ሁሉን ይችላል" ይላል። ቲዎረሙ ግን እንዲህ አይነት ዌይቶች አሉ ነው የሚለው፣ ትሬይን ስታደርገው ያገኛቸዋል አላለም፣ ስንት ዳታ ይፈጃል አላለም፣ ደግሞም የተወሰነ ክልል ውስጥ ነው፣ ከክልሉ ስትወጣ ምን እንደሚያደርግ ቃል አልገባልህም። ኔትወርኩን ከ0 እስከ 10 ድረስ ሳይን ከርቭ አስተምረውና 20 ላይ ጠይቀው፣ ያ ከዜሮ በታች ዜሮ የሚለው አይነት ከሆነ ማዕበሉን ትቶ ቀጥ ያለ መስመር ይዞ ሲሄድ ታገኘዋለህ። ውስጥ እያለ እንከን የለሽ ነበር እኮ። ስለዚህ የኔ መልስ፣ ሊችል መቻሉ ሌላ ከዳታው ተምሮ መድረሱ ሌላ፣ ሰው በብዛት የሚጣላው በመጀመሪያው ነው የሚጎዳህ ግን ሁለተኛው ነው።

ጡረተኛው_መምህር

እንደምን አላችሁ ልጆች። የቦርከናው ልጅ፣ ተማሪዬ ብትሆን ሙሉ ማርክ እሰጥህ ነበር። እኔ ግን ካልኩሌተር ነው ካለው ልጅ ጎን እቆማለሁ፣ ምክንያቱን ግን አልወስድለትም። ማባዛትና መደመር ስለሆነ አያስብም ማለት ደካማ ክርክር ነው፣ የኛም ነርቭ ቀርበው ሲያዩት ሶዲየምና ፖታሲየም ሲገባና ሲወጣ ነው እንጂ ውስጡ ቁጭ ብሎ የሚያስብ ትንሽ ሰውዬ የለም።

እኔን የማያሳምነኝ አማማሩ ነው። በ1989 ማክሎስኪና ኮኸን የሚባሉ ተመራማሪዎች አንዱን ኔትወርክ የአንደኛ ክፍል ድምር አስተማሩት። መጀመሪያ የ1ን፣ 1 ሲደመር 1፣ 1 ሲደመር 2 እያሉ። ያዘ። ቀጥለው የ2ን ድምር ብቻ ሰጡት። የ2ን ሲይዝ የ1 ድምር ተጠረገ። ቀስ እያለ ረሳ አላልኩም፣ ተጠረገ ነው ያልኩት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ሁለቱም ትምህርት የተቀመጠው በነዚያው ዌይቶች ላይ ነው፣ ለአዲሱ ሲነኩ አሮጌው ይፈርሳል። በማስተማር ዘመኔ ሰነፍ ተማሪ ብዙ አይቻለሁ፣ የ2ን ድምር ሲማር የ1ን የጠፋበት ግን አንድም አላጋጠመኝም። ዛሬ ትልልቆቹን ሁሉንም ቀላቅለው የሚያስተምሩበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው።

ከዚያ በፊት በ1988 ፎዶርና ፒሊሺን የሚባሉ ተመራማሪዎች ያነሱት ነገር አለ። "ከድር አሊን ገፋው" የሚለው የገባው ሰው "አሊ ከድርን ገፋው" የሚለው ሊጠፋው አይችልም፣ ሁለተኛውን ለብቻው መማር አያሻውም። ኔትወርክን ግን እንደዚያ እንዲሆን የሚያስገድደው ነገር በውስጡ የለም፣ ቢሆንለት እንኳ ዳታው ስለበዛ የሆነለት ነው ብለው ተከራከሩ። በ2016 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ምስሎች ወስደው ስማቸውን በዕጣ አደበላለቁት፣ ድመቱ አውሮፕላን ተባለ መኪናው እንቁራሪት ተባለ፣ ምንም ህግ የለበትም። ኔትወርኩ ሁሉንም ይዞት ቁጭ አለ፣ በተማረበት ዳታ ላይ ስህተቱ ዜሮ! ይሄን ያየ ሰው ይሸመድዳል ቢል ምን ይፈረድበታል?

ህጻን ልጅ አህያ ለማወቅ ሚሊዮን አህያ አያይም። 86 ቢሊዮን ገደማ ነርቭ ያለው አንጎል የሚፈጀው ሃይል 20 ዋት አካባቢ ነው፣ ያውም መብራት በማይቆይበት ከተማ።

ባቲ_ሰኞ

የባቲ ልጅ ሳይጠየቅ ባቲን ትሬይን ማድረግ ህገወጥ ነው። ሰኞ ገበያ ላይ ይዛችሁት ኑና እናሰማዋለን ሃሃሃ

እታለም_ወልድያ

ጋሼ እንደምን አሉ፣ ያመጧቸው ሙከራዎች ሁሉ ልክ ናቸው፣ የሚለየን መደምደሚያው ነው።

የተደበላለቁት ስሞች ሁለት ጎን አላቸው። ያው ኔትወርክ በዚያው አሰለጣጠን ትክክለኛ ስም ሲሰጠው አይቶት የማያውቀውን ምስል ይለያል። ስለዚህ የታየው መሸምደድ እንደሚችል ነው እንጂ ሁሌም የሚያደርገው እሱን መሆኑ አይደለም። ሰዎቹን የገረማቸው እኮ ይሄ ነው፣ ሁሉንም መሸምደድ ከቻለ ትክክለኛ ስም ሲያገኝ ለምን ሸምድዶ አያርፍም?

አንድ ሌላ ልንገርዎት። በ2022 አንድ ትንሽ ኔትወርክ ላይ የተደረገ ሙከራ ወጣ፣ የተሰጠው የሰዓት ሂሳብ ነው፣ 8 ሰዓት ላይ 7 ብንጨምር 15 ሳይሆን 3 ሰዓት እንደምንለው አይነት ዞሮ የሚመለስ ድምር። መጀመሪያ እርሶ እንዳሉት ሸመደደ፣ የተሰጠውን በሙሉ ያውቃል ያልተሰጠውን ሲጠይቁት ይስታል። ሰው እዚህ ጋር ነው "ኦቨርፊት ሆነ" (ሸምድዶ ቀረ) ብሎ ላፕቶፑን የሚዘጋው። እነሱ ግን ዝም ብለው ረጅም ጊዜ አስሮጡት፣ እና ከብዙ ቆይታ በኋላ ያላየውንም በትክክል መመለስ ጀመረ። በ2023 ደግሞ ኒል ናንዳና ባልደረቦቹ እንዲህ ያለ ኔትወርክ፣ በ113 የሚዞር ድምር የተማረ፣ ዌይቶቹን ከፍተው አነበቡት። ቁጥሮቹን ወደ ሳይንና ኮሳይን ቀይሮ ክብ ላይ እያዞረ ነው የሚደምረው፣ ዘዴውን ማንም አልነገረውም ራሱ ነው የደረሰበት። ይሄን ሽምደዳ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም ጋሼ። የፎዶርና የፒሊሺን ነገርም ቢሆን በ2018 ሌክና ባሮኒ የሚባሉ ተመራማሪዎች በዛ መልክ ፈትነውት ወድቋል፣ በ2023 ደግሞ ሌክና ባሮኒ ራሳቸው አሰለጣጠኑን ቀይረው በዛው አይነት ፈተና ለሰው የቀረበ ውጤት የሚያመጣ ኔትወርክ ኔቸር ላይ አሳተሙ። ስለዚህ "ይገባዋል ወይ" ብሎ በጅምላ መጠየቅ አያዋጣም፣ የትኛው ኔትወርክ፣ ምን ተሰጥቶት፣ በምን ተፈትኖ ነው ጉዳዩ።

እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የዳታን ጉድለት የኔትወርክ ተፈጥሮ አድርጎ ማውራት ነው። በአማርኛ ሲጠይቁት ሲንገዳገድ ያዩና "ቋንቋችን ረቂቅ ስለሆነ አይገባውም" ይላሉ። ረቂቅነቱን ተዉት። የኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የኮምፒውተር አጻጻፍ አንዱ ሆሄ 3 ባይት (የኮምፒውተር ቦታ መለኪያ) ነው፣ የላቲኑ 1። "ሰላም" ብለሽ ስትጽፊ 9 ባይት። ጽሁፉን በባይት ደረጃ እየቆረጡ የሚያነቡ ሞዴሎች በብዛት የቆራረጡት በእንግሊዝኛ ላይ ተለማምደው ስለሆነ የእንግሊዝኛው ቃል አንድ ቁራጭ ሆኖ ሲገባ የኛው ብጥስጥስ ብሎ ነው ሚገባው፣ ለዚያው አረፍተ ነገር ብዙ እጥፍ ይፈጃል። እዚህ ላይ አንዱ ፀሐይ ይላል ሌላው ጸሀይ፣ እኛ ልብ ሳንል እናነበዋለን ለሱ ግን የተለያየ ቁጥር ነው። ጽሁፉ ብዙ ቢሆን ኖሮ ራሱ ይደርስበት ነበር፣ ጽሁፉ ነው የሌለው። ፊት ላይም ያው ነው፣ በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከፊት ጾታ የሚለዩ የገበያ ሲስተሞችን ፈትነው ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ ስህተቱ እስከ 34.7 ፐርሰንት ሲደርስ ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ከ0.8 ፐርሰንት አልበለጠም። ይሄ የሂሳቡ ባህሪ አይደለም፣ የማንን ፊት አሳይተው እንዳሳደጉት ነው።

ጦሳ_ሥር፣ የአክስትህን ልጅ ሁለት ነገር ጠይቅልኝ። ዘፈኖቹን ከየት ነው የሰበሰበው? ትሬይኒንግና ቴስቱንስ፣ የሚማርበትንና የሚፈተንበትን ማለቴ ነው፣ እንዴት ነው የከፈለው?

ጦሳ_ሥር

ጠየቅኩት እህቴ። ትዝታዎቹ አብዛኞቹ ከድሮ ካሴት የተገለበጡ ናቸው፣ አባቱ ያጠራቀሙት ነው። አምባሰሉ ደግሞ ከዩቲዩብ አዲስ አዲሱን ነው። ሲከፍለው ሁሉንም ዘፈን በ3 ሰከንድ 3 ሰከንድ ቆራርጦ ቀላቅሎ፣ ከዛ ከተቀላቀለው ውስጥ የተወሰነውን ለቴስት አስቀምጦ ነው።

ጥያቄሽን ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ ሃሃ። ከዛ ምን አደረገ፣ ካሴቱ ዘፈኑ ሳይጀምር ያለችውን ሽሽሽ የምትል ድምጽ ብቻዋን ቆርጦ ሰጠው። ዘፈን የለም፣ ክራር የለም፣ ማንም አይዘፍንም፣ ሽሽሽ ብቻ። "ትዝታ፣ 96 ፐርሰንት" አለ። ኧረ ወላሂ! ያ ይገባዋል ያለው ጓደኛችን ከዛ በኋላ ድምጹ አልተሰማም።

ግን አልገባኝም፣ ካላወቀ ለምን አላውቅም አይልም? 96 ፐርሰንቱን ከየት አመጣው?

የቦርከና_ልጅ

96ቱ "እርግጠኛ ነኝ" ማለት አይደለም። መጨረሻው ላይ አራት ቁጥር ይወጣል፣ ሶፍትማክስ የሚባል ነገር አራቱን ድምራቸው 100 እንዲሆን አድርጎ ይጨምቃቸዋል። አራት በር ብቻ ነው ያለው፣ አምስተኛ "ይሄ ዘፈን አይደለም" የሚል በር ማንም አልሰራለትም። ሽሽሽ ብትሰጠው፣ የዶሮ ጩኸት ብትሰጠው፣ የጋሼን ሳል ብትሰጠው ከአራቱ አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው፣ ከትሬይኒንጉ ራቅ ሲል ደግሞ ብዙ ጊዜ በድፍረት ነው የሚመርጠው። ዌይቶቹ ስህተት የሚቀንስላቸውን ማንኛውንም ምልክት ይይዛሉ፣ ሽሽሽታው ከቅኝቱ ይቀላል፣ ያዘው። ማንም ሽሽሽታ መልስ አይደለም አላለውም። በ2016 የወጣ አንድ ስራ ላይ ተኩላን ከውሻ የሚለይ ሞዴል በእንስሳው ፋንታ ከጀርባ ያለውን በረዶ ሲያይ ታይቷል፣ እነሱ ይሄን ለማሳየት ሆን ብለው ነበር እንደዛ ያሰለጠኑት።

የቴስቱ አከፋፈል ደግሞ ዘጠና ምናምኑን ዋጋ ያሳጣዋል። የአንድ ዘፈን 3 ሰከንድ ትሬይኒንግ ውስጥ ካለ ከጎኑ የነበረው 3 ሰከንድ ቴስት ውስጥ ነው፣ ያው ድምጽ ያው ማይክ ያው ስቱዲዮ። ዘፋኙን ካወቀ ቅኝቱን ሳያውቅ ያልፋል።

አሁን ግን ዋናው፣ እኔ ሙዚቃም ትንሽ ስለምነካካ ነው ይሄ ፕሮጀክት ያስደሰተኝ። ኪቦርድ ላይ ሞክሩት፣ ከዶ የሚነሳ ማይነር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። እነዚሁኑ አምስት ድምጾች አንድም ሳትቀይር ቤታቸውን ሶል አድርግና ሶል ላይ አሳርፋቸው፣ አምባሰል ሆነ። ሜጀር ትዝታም እንደዛው፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ አሁን ቤቱን ላ ላይ አድርገው፣ ማይነር ባቲ ነው። ድምጾቹ አንድ ናቸው፣ የሚለያቸው ዜማው የትኛው ላይ ዞሮ እንደሚያርፍ ነው። 3 ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ዜማ ላያርፍ ይችላል! ስለዚህ ልጁ በቆራረጠው ቁራጭ ብዙውን ጊዜ መልሱ ራሱ የለበትም፣ እኔም አንተም ብንሰማው አናውቀውም። መልስ የሌለበትን ነገር ዘጠና ምናምን ካገኘ ከሌላ ቦታ ነው ያገኘው ማለት ነው። ሽሽሽታውን ሳይሞክር እንኳ ይሄን ማወቅ ይቻል ነበር።

ቁርጡን ማወቅ ከፈለጋችሁ ኪቦርድ ያለው ሰው ፈልጉ። በአንድ ድምጽ፣ በአንድ ማይክ፣ ያንኑ አምስት ኖታ አንዴ እንደ ትዝታ አንዴ እንደ አምባሰል ይጫወትላችሁና ሰላሳ ሰላሳ ሰከንድ ቅዱ። ካሴት የለ ዘፋኝ የለ፣ ቅኝት ብቻ ነው የሚቀረው።

ጡረተኛው_መምህር

እታለም ልጄ፣ የሰዓቱን ሂሳብ ኔትወርክ አላውቅም ነበርና አንብቤ እመለሳለሁ። አንድ ነገር ግን ልብ በይልኝ፣ ያን ኔትወርክ እንደገባው ያወቁት ሰዎች ከፍተው ስላነበቡት ነው። ትንሽ ስለሆነ ተነበበ። በ2020 የወጣው ጂፒቲ-3 የሚባለው የቋንቋ ሞዴል እንኳ 175 ቢሊዮን ፓራሜትር (እነዚያ ዌይቶች ማለት ነው) አለው፣ እሱን ማን ያነበዋል? ካልተነበበ በምን እናውቃለን? ተማሪ መልሱን አግኝቶ መንገዱን ካልጻፈ እኔ ግማሽ ማርክ ነው የምሰጠው።

ኪቦርዱ ላይ ግን አልስማማም። ኪቦርድ የፈረንጅ ቅጥ ይዞ ነው የተቃኘው፣ ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ ጣቱን ሸርተት አድርጎ በሁለቱ ቁልፎች መሀል ያለውን ነው የሚያወጣው። በማሲንቆም ይሞከር።

እታለም_ወልድያ

ግማሽ ማርኩን ተቀብያለሁ ጋሼ። የትልልቆቹን ውስጥ የማንበቡ ስራ ተጀምሯል ግን እርሶ እንዳሉት ገና ነው፣ ቁራጭ ቁራጩ ነው እንጂ ሙሉው አልተነበበም። እስከዛው ያለን መንገድ ሽሽሽታው ላይ እንዳደረጉት ነው፣ የሚያሳስተውን ፈልጎ ማሳሳት።

ጦሳ_ሥር

ጎረቤታችን ሰርግ ላይ ኪቦርድ የሚመታ ልጅ አለ፣ አስመታነው። ትዝታ ማይነር መታ፣ ቀዳን። እዛው ቁጭ ብሎ በነዛው አምስት ድምጾች አምባሰል መታ፣ ቀዳን። እኛ ሁላችንም ለየን፣ አክስቴ ሳትቀር ከጓዳ ሆና "ይቺማ አምባሰል ናት" አለች።

ማሽኑ ሁለቱንም ባቲ አለ። 91 እና 94።

የአክስቴ ልጅ ፎልደሩን ከፍቶ ቢያይ የባቲ ዘፈኖቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም በኪቦርድ የታጀቡ ናቸው።

ባቲ_ሰኞ

ባቲ አሸነፈ! ክሱን አንስቻለሁ

ጦሳ_ሥር

አንተ ልጅ አታርፍም። እሺ የቦርከናው፣ አሁን ልጁ እንደገና ሊጀምረው ነው፣ ምን ያድርግ? መመረቂያው ቀርቧል ላፕቶፑም ጂፒዩ (ስልጠናውን የሚያፈጥነው ቺፕ) የለውም።

የቦርከና_ልጅ

አብሽር በለው፣ ይሄ ለምርቃት ከመጀመሪያው የተሻለ ፕሮጀክት ነው፣ ሽሽሽታውንና ኪቦርዱን እንዳለ ይጻፈው፣ አንድ ምእራፍ ይወጣዋል።

ከዛ አከፋፈሉን በዘፋኝ ያድርገው፣ ቴስት ውስጥ ያለ ዘፋኝ ትሬይኒንግ ውስጥ በፍጹም አይግባ። ቁራጩን ከ3 ሰከንድ ወደ ሰላሳ ያሳድገው፣ ዜማው ቢያንስ አንዴ እንዲያርፍ። የካሴቱን ሽሽሽታ ደግሞ አያጥፋው፣ ቆርጦ በአራቱም ቅኝት ላይ ይጨምርበት፣ ሁሉም ላይ ካለ ምንም አይነግረውም። ድምጹንም ወደ ቀጭንና ወደ ወፍራም እየቀየረ ያባዛው፣ አምባሰል በሴትም በወንድም ድምጽ አምባሰል ነው። "ዘፈን አይደለም" የሚል አምስተኛ በር ይጨምር፣ ዝናብ፣ የገበያ ጫጫታ፣ ወሬ እዛ ይክተት፣ ሁሉንም አያድነውም ግን ሽሽሽ ትዝታ ነው ከማለት ይሻላል። ውጤቱ በጣም ይወርዳል፣ አይደንግጥ፣ አምስቱም በር እኩል ካለው በግምት ብቻ 20 ፐርሰንት ነው ከዛ ምን ያህል እንደራቀ ነው ሚታየው።

ጂፒዩ አያስፈልገውም። ስፔክትሮግራሙን (ድምጹን በምስል የሚያሳየውን) አንዴ አስልቶ ሴቭ ያድርገው፣ ኔትወርኩን ትንሽ ያድርገው፣ በላፕቶፑ ዋና ቺፕ፣ ሲፒዩው ላይ፣ ማታ ለቆት ይተኛ። ባትሪው ግን ደህና ካልሆነ በየዙሩ መሀል ዌይቶቹን ሴቭ የሚያደርግ መስመር ይጨምርበት፣ መብራት ሲሄድ ከዜሮ እንዳይጀምር። ጋሼ ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ካወቁ ደግሞ ያገናኙን፣ ቀረጻው ላይ እኔም እመጣለሁ።

ጡረተኛው_መምህር

አውቃለሁ፣ ሐይቅ ነው ያለው። ስልክ አይዝም፣ ቅዳሜ ደሴ ሲወጣ እነግረዋለሁ።